ጎማ ከተቀየረ በኋላ የማይጠፋው ቢጫ መብራት፦ በወሎ መንገድ ለሚነዱ

ጎማ ወይም ቸርኬ ቀይራችሁ ከጎሚስታው ደጅ ስትወጡ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት ይበራል፤ ከላዩ የተቆረጠ ጎማ የሚመስል ቅርጽ፣ መሃሉ ላይ ቃለ አጋኖ። ጎሚስታው «አብሽር ጋሼ፣ ሲነዱት ይጠፋል» ይላል። አንዳንዴ እውነቱን ነው። ካልጠፋ ግን ባለመኪናው ወይ በጥቁር ፕላስተር ይሸፍነዋል፣ ወይ ቸርኬው ውስጥ ያለውን የግፊት መለኪያ፣ ደህናውን ሴንሰር፣ አስወጥቶ ሌላ ይገዛል። ሁለቱም የሚመጡት ይህ መብራት ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን እንደሚናገር ካለማወቅ ነው። አንዱ «ጎማው ንፋስ አንሶታል» ነው። ሌላው «ጎማውን ማየት አልቻልኩም» ነው። ለመጀመሪያው ኮምፕሬሰር ይበቃል፤ ለሁለተኛው የፈለገውን ያህል ንፋስ ቢሞሉ ዋጋ የለውም። የትኛው እንደሆነ ሳትለዩ ኪሳችሁን አትንኩ።

ወሎ ውስጥ ለሚነዳ ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ 1,850 አካባቢ ትሆናላችሁ፤ በባቲ በኩል ሚሌ ከወረዳችሁ 500 ገደማ ላይ ናችሁ። በግማሽ ቀን ሁለት ሺህ ሜትር ሲወርድ የንፋስ መለኪያው ጌጅ ላይ ያለው ቁጥርም፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውም የየራሱን ይናገራል። ከመኪናው ጋር የመጣው መጽሐፍ በአብዛኛው ይህን በአንድ መስመር ያልፈዋል፤ እዚህ ግን ዋናው ጉዳይ ነው።

1ኛ፦ መብራቱን ከመጀመሪያው ሰከንድ ጀምራችሁ እዩት

መኪናውን አጥፉና ትንሽ ቆይታችሁ ቁልፉን ክፈቱ፤ ሞተር አታስነሱ። ሁሉም መብራቶች አብረው ይበሩና ይጠፋሉ። ዓይናችሁን ከጎማው ምልክት አትንቀሉ።

ሳይርገበገብ ዝም ብሎ በርቶ ከቀረ፣ ቢያንስ አንድ ጎማ ንፋስ አንሶታል ማለት ነው። በአሜሪካ ደንብ የተሠራ መኪና ንፋሱ ከተመከረው 25 በመቶ ሲጎድል ያበራል፤ በአውሮፓ ደንብ 20 በመቶ ሲጎድል። ከአንድ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ ተኩል ብልጭ ድርግም ብሎ ከዚያ ቀጥ ብሎ ከበራ ግን ንፋስ አይደለም፤ የጎማውን ግፊት የሚከታተለው ሲስተም ከአንዱ ጎማ ወሬ ማግኘት አቅቶታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ብልጭታው ያለው መኪና ሲነሳ ብቻ ነው። ወደ ጋራዥ እስክትደርሱ መብራቱ ቀጥ ብሎ ስለሚቆይ መካኒኩ የሚያየው ንፋስ ያነሰውን ጎማ ምልክት ነው፤ ስለዚህ ይሞላላችኋል፣ መብራቱም አይጠፋም። መካኒኩ ፊት አጥፍታችሁ አስነሱት፣ አብራችሁ እዩት። መልእክት የሚያሳይ ዳሽቦርድ ያለው አዲስ መኪና ከሆነ ብልሽቱን በጽሑፍ ሊነግራችሁም ይችላል።

ሌላም ልብ በሉ። ሴንሰር የሌለው ጎማ ከታሰረ ሲስተሙ ወዲያው ላያውቅ ይችላል፤ ብልሽቱን ለመለየት እስከ 20 ደቂቃ መነዳት ሊፈልግ ይችላል። ደሴ ላይ አስቀይራችሁ መብራት ሳይኖር ትወጡና ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ሊበራ ይችላል። በመንገድ ምስማር የነካችሁ አይምሰላችሁ፤ ግን ወርዳችሁ ጎማዎቹን አንድ ጊዜ እዩ።

2ኛ፦ የመኪናችሁ ሲስተም የትኛው ነው?

ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው እያንዳንዱ ቸርኬ ውስጥ፣ ከቫልቩ ሥር የታሰረ፣ ባትሪ ያለው ትንሽ ሴንሰር ነው፤ ግፊቱን ለክቶ በሬዲዮ ሞገድ ወደ መኪናው ይልካል። ሁለተኛው ጎማው ውስጥ ምንም የለውም። ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው የኤቢኤስ ፍሬን የሚጠቀምበትን የጎማ ዙር ቆጣሪ ይዋሳል፤ ንፋስ ያነሰው ጎማ ዙሪያው ትንሽ ስለሚጠብ ከሌሎቹ ፈጥኖ ይዞራል፣ መኪናው ይህን አይቶ ያስጠነቅቃል።

ለመለየት ቀላሉ ዘዴ ዳሽቦርዱ የየጎማውን ግፊት በቁጥር ያሳይ እንደሆነ ማየት ነው። ካሳየ ሴንሰሩ ውስጥ ነው። ቁጥር ሳያሳይ «ሴት» (SET) የሚል ቁልፍ ወይም ሜኑ ብቻ ካለው ሁለተኛው ዓይነት ሊሆን ይችላል። ቫልቩ በብሎን የተያዘ ብረት ከሆነ ውስጥ ሴንሰር የመኖሩ ዕድል ሰፊ ነው፤ የላስቲክ ቫልቭ ግን የለም ለማለት አይበቃም፣ ላስቲክ ላይ የሚታሰር ሴንሰርም አለ።

መኪናው የተሸጠበት አገርም ይረዳል። አሜሪካ ከ2000ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ አውሮፓ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2014 ጀምሮ በአዳዲስ መኪኖች ላይ አስገድደዋል፤ ቻይናም ከ2020 ጀምሮ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ መንገዳችን ላይ የበዙት የቻይና ኤሌክትሪክ መኪኖች ይህ ሲስተም ያላቸው ለዚህ ነው። የድሮ ቪትዝ የሚነዳ ሰው ግን ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ማንበብ ላያስፈልገው ይችላል፤ አብዛኛዎቹ ይህ ሲስተም የላቸውም።

3ኛ፦ ጎማው ሳይሞቅ ንፋሱን በጌጅ ለኩ

መብራቱ ብልጭ አለም አላለም ይህን ደረጃ አትዝለሉ። የሹፌሩ በር ተከፍቶ በሚታየው ምሰሶ ላይ የተለጠፈች ወረቀት አለች፤ የፊትና የኋላ ግፊት፣ አንዳንዴም ለሙሉ ጭነት ሌላ ቁጥር ተጽፎባታል። የሚሞላው እሱ ነው። ጎማው ጎን ላይ የታተመው ቁጥር ጎማው የሚችለው የመጨረሻው ነው፤ በእሱ አትሙሉ። ግፊት በባር፣ በፒኤስአይ ወይም በኪሎፓስካል ይጻፋል፦ አንዱ ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው፣ መቶ ኪሎፓስካልም አንድ ባር ነው፤ ስለዚህ 33 ፒኤስአይ፣ 2.3 ባር እና 230 የሚሉት አንድ ናቸው። ለቪትዝና ለኮሮላ እጁ የለመደውን ቁጥር ለሁሉም የሚሞላ ጎሚስታ ካጋጠማችሁ አስቁሙት፤ ኤሌክትሪክ መኪና በባትሪው ምክንያት ከባድ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ግፊት ይፈልጋል።

ጎማ «ቀዝቃዛ» የሚባለው መኪናው ቢያንስ ሦስት ሰዓት ቆሞ ወይም ከአንድ ኪሎ ሜትር ብዙም ሳይርቅ ሲነዳ ነው። ደሴ ለሚያድር ሰው ጠዋት፣ ፀሐይ ጎማውን ሳታገኘው ማለት ነው። የራሳችሁን ትንሽ ጌጅ ግዙ። የኮምፕሬሰር ላይ ጌጅ ስንት ጊዜ መሬት እንደወደቀ አይታወቅም።

አሁን ወደ ከፍታው እንምጣ። ጌጅ የሚለካው ከጎማው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። የውጭው አየር በባሕር ወለል 14.7 ፒኤስአይ ሲሆን ደሴ ላይ 11 አይሞላም፤ ኮምቦልቻ 12 ሊጠጋ ጥቂት ይቀረዋል፤ ሚሌ ወደ 14 ነው። ከደሴ ሚሌ ስትወርዱ ከጎማው አንድም አየር ሳይወጣ ጌጁ ላይ ሦስት ያህል ይቀንሳል። ሙቀቱ ደግሞ በተቃራኒው ይሠራል፤ በየ10 ዲግሪ አንድ ተኩል ፒኤስአይ ገደማ ይጨምራል። ደሴና ሚሌ መካከል የ20 ዲግሪ ልዩነት ካለ ሁለቱ ይጣፋሉ። ስለዚህ አፋር ሲደርሱ «ጎማው ሞቋል፣ ይፈነዳል» ብሎ ማስተንፈስ ትልቅ ስሕተት ነው። ጎማ በሙቀት አገር የሚፈነዳው በአብዛኛው አንሶ፣ ጎኑ እየታጠፈና እየጋለ ሲሄድ ነው።

የዳሽቦርዱ ቁጥር ግን ሌላ ታሪክ አለው። አንዳንድ ሴንሰሮች የሚለኩት ከውጭው አየር ጋር ሳያወዳድሩ ጠቅላላውን ግፊት ነው፤ መኪናውም ሁልጊዜ የባሕር ወለሉን 14.7 ይቀንሳል። እንዲህ ያለ መኪና ደሴ ላይ በጌጅ 33 ስትሞሉት ዳሽቦርዱ 29 ይላችኋል። ጎማውም ጌጁም ደህና ናቸው፤ መኪናው ከፍታውን አላሰበም እንጂ።

ሁለቱ ሲደራረቡ ምን እንደሚሆን እዩ። ቀን ኮምቦልቻ፣ ጎማው በመንገድ ግሎ 45 ዲግሪ ደርሶ ሳለ 33 አስሞላችሁ እንበል። ደሴ ወጥታችሁ አደራችሁ። በኅዳር ጠዋት ጎማው 8 ዲግሪ ላይ ነው። ጌጁ 28 ተኩል ገደማ ያሳያል፤ ከፍታ የማያሰላው ዳሽቦርድ ደግሞ 25 አካባቢ ይላል። መብራቱ በራ። ፀሐይ ወጥታ ጦሳ ተራራ ሥር ጥቂት ስትነዱ ይጠፋል፤ በማግስቱ ጠዋት እንደገና ይበራል። ሰው «ሴንሰሩ ተበላሸ» የሚለው ይህን ነው። መፍትሔው ጠዋት ደሴ ላይ በቀዝቃዛው መሙላት ብቻ ነው። መኪናችሁ ከፍታ የማያሰላ ከሆነ ደግሞ ከተጻፈው አንድ ሁለት ፒኤስአይ ጨምሩ።

ለመለየት፦ አራቱም ጎማ ዳሽቦርዱ ላይ ከጌጁ እኩል ዝቅ ብለው ከታዩ ነገሩ የከፍታ ነው። አንዱ ብቻ ከዝቅተኞቹ ዝቅ ካለ የጎማው ነው፤ ቫልቩን በሳሙና ውኃ ፈትሹት፣ አዲስ ቸርኬ ከሆነ ደግሞ ጎማውና ቸርኬው የሚገናኙበትን ጠርዝ። ዝገት ወይም የድሮ ላስቲክ ቅሪት ሳይጠረግ የታሰረ ጎማ ቀስ እያለ ያስተነፍሳል።

አራቱንም ሞልታችሁ መብራቱ ቀጥ ብሎ ከቀጠለ ስኮርታውን እዩ። ላንድክሩዘርን በመሳሰሉ አንዳንድ መኪኖች ስኮርታው ውስጥም ሴንሰር አለ። ዓመት ሙሉ ያልተነካ ስኮርታ ባዶ ሆኖ መብራቱን ሲያበራ አራቱን ጎማ ደጋግሞ የሚያስነፋ ሰው ብዙ ነው።

4ኛ፦ «ሴት» የሚለውን ቁልፍ ከመሙላታችሁ በፊት አትንኩ

ቁልፉን ስትጫኑ መኪናው «አሁን ያለው ግፊት ትክክለኛው ነው» ብሎ ይይዛል። ጎማው አንሶ ሳለ ከተጫናችሁ ያነሰውን ልክ ነው ብሎ ይቀበላል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ እናንተም ተሸወዳችሁ። መጀመሪያ ሙሉ፣ ከዚያ ተጫኑ።

ቁጥር የማያሳዩት፣ ኤቢኤስን የሚጠቀሙት መኪኖች ጎማ በተቀየረ ወይም ንፋስ በተስተካከለ ቁጥር ይህን ይፈልጋሉ። ቆማችሁ፣ የመኪናው ቁልፍ ክፍት ሆኖ ሜኑውን ወይም «ሴት» የሚለውን ተጠቀሙ፤ ከዚያ መኪናው አዲሱን ዙር እስኪማር መነዳት አለበት፤ በአንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ያህል። በእነዚህ መኪኖች አንዱን ጎማ ብቻ በሌላ ቁጥር ወይም በአዲስ ቀይራችሁ ሦስቱ የተበሉ ከሆኑ ሲስተሙ ሊደናገር ይችላል። የኤቢኤስ መብራት አብሮ ከበራ ደግሞ ጎማውን ተዉት፤ ችግሩ ብዙ ጊዜ ያለው ከዙር ቆጣሪው ነው።

ከአሜሪካ የመጡ ብዙ ቶዮታዎች ከመሪው በታች ትንሽ ቁልፍ አላቸው፤ መብራቱ ቀስ ብሎ ሦስት ጊዜ ብልጭ እስኪል ድረስ ይዛችሁ ትቆያላችሁ። ይህ ቁልፍ የግፊቱን ልክ ይይዛል እንጂ አዲስ ሴንሰር አይመዘግብም። ሴንሰር ቀይረው ይህን ቁልፍ መቶ ጊዜ የሚጫኑ ሰዎች ይህን ስለማያውቁ ነው።

5ኛ፦ ንዱት

መኪናው ሲቆም ሴንሰሩ ባትሪ ለመቆጠብ ይተኛል። የሚነቃው ጎማው ሲሽከረከር ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ካለፈ በኋላ። በደሴ ፒያሳ ግርግር አንደኛ ማርሽ ላይ ሆኖ መጠበቅ አይጠቅምም። የሐይቅ ከተማን መንገድ ያዙ፣ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ያለማቋረጥ ንዱ። ራሳቸው የሚማሩ መኪኖች በዚህ ጊዜ አዲሶቹን ሴንሰሮች ይለምዳሉ። የጎሚስታው «ሲነዱት ይጠፋል» እውነት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

6ኛ፦ ብልጭ ካለ፣ ቸርኬው ውስጥ ምን እንደሆነ ጠይቁ

ጎማ ሲቀየር ብልጭታ የሚያመጡት ነገሮች ጥቂት ናቸው። አዲሱ ቸርኬ ሴንሰር ሳይኖረው ታስሮ ይሆናል፣ የድሮው ሴንሰር ከድሮው ቸርኬ ጋር ጎሚስታው ጋ ቀርቶ። ስኮርታው ታስሮ ይሆናል። ጎማው አላስተማመነም ተብሎ የውስጥ ላስቲክ ገብቶበት ይሆናል፤ ያኔ ሴንሰሩ ከነቫልቩ ወጥቷል። ወይም ሴንሰሩ ተሰብሯል።

የመጨረሻው የሚሆነው እንዲህ ነው። ሴንሰሩ ከቫልቩ ሥር፣ ከቸርኬው ጠርዝ አጠገብ ይቀመጣል። ጎማውን ከቸርኬው የሚያላቅቀው ማሽን መጫኛ፣ ወይም በእጅ የሚሠራው ሰው ብረት፣ ቫልቩ አጠገብ ከገባ ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል። ከመጀመሩ በፊት «ቫልቩ ጋ ሴንሰር አለ፣ ከማዶው ጀምርልኝ» በሉት፤ ጎማው ላይም ከቫልቩ ትይዩ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ጎማውን ሲያስገባም እንዲሁ፤ የጎማው ጠርዝ የመጨረሻ ገብቶ የሚጨርሰው ሴንሰሩ ላይ መሆን የለበትም። ጎማው ታስሮ ካለቀ በኋላ መኪናው ላይ ሳይገባ ቀስ አድርጋችሁ አንከባልሉት። ውስጡ ቋ ቋ ካለ ሴንሰሩ ተነቅሎ ይንከባለላል፤ እንደዚያው አትሂዱ፣ የጎማውን ውስጥ ይበላዋል።

ምንም ካልተሰበረና ሴንሰሮቹ የመኪናው የመጀመሪያ ከሆኑ ባትሪ አስቡ። ዕድሜው ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ነው፤ ባትሪው ተለይቶ እንዲቀየር ሆኖ አልተሠራም። አሥር ዓመት የሞላው መኪና አንዱ ከሞተ ሌሎቹም ወረፋ ይዘዋል፤ ጎማው ተፈቶ ሳለ አራቱንም መቀየር በኋላ በየተራ ከማስፈታት ይረክሳል።

7ኛ፦ ሴንሰር ስትገዙ

የድሮውን ሴንሰር ይዛችሁ ሂዱ። ገላው ላይ የሞገዱ ቁጥር ተጽፏል፤ 315 ወይም 433 ሜጋኸርትዝ። የአሜሪካ መኪኖች ብዙዎቹ 315፣ የአውሮፓና የቻይና ብዙዎቹ 433 ናቸው፤ ግን «የአሜሪካ ነው» ብላችሁ አትገምቱ፣ የተጻፈውን አንብቡ። ሞገዱ ካልገጠመ መልኩ አንድ ቢሆንም መኪናው ፈጽሞ አይሰማውም፤ ይህን የምታውቁት ደግሞ አራቱም ጎማ ታስሮ ካለቀ በኋላ ነው።

እያንዳንዱ ሴንሰር የራሱ መለያ ቁጥር አለው፣ እሱም ገላው ላይ ታትሟል። ቸርኬው ውስጥ ከመግባቱ በፊት አንድ በአንድ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ የትኛው የፊት ግራ፣ የትኛው የኋላ ቀኝ እንደሆነ ጻፉ። መኪናው ራሱ ካልተማረ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ከመሪው ሥር ባለው ሶኬት ኮምፒውተሩን ሰክቶ እነዚህን ቁጥሮች ይጽፍላችኋል። ፎቶ ከሌለ ጎማ ማስፈታት ወይም ሴንሰሩን ከውጭ የሚያነቃ መሣሪያ መፈለግ ይሆናል፤ እሱን ደግሞ በየጋራዡ አታገኙትም። ከመክፈላችሁ በፊት ባለሙያውን «የጎማ ሴንሰር መመዝገብ ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ስሕተት ማንበብና ማጥፋት ብቻ የሚችል ማሽን አለ፣ በእሱ የጠፋ መብራት ሐይቅ ሳትደርሱ ይመለሳል።

የኔ ምክር፣ ለእኛ አገር የሚሻለው የድሮውን መለያ ቁጥር መቅዳት የሚችል ዩኒቨርሳል ሴንሰር ነው። ሻጩ በመሣሪያው የድሮውን ቁጥር ወደ አዲሱ ይገለብጣል፤ መኪናው ለውጡን አያውቅም፣ ምዝገባም አይጠይቅም።

ሲታሰር የቫልቩን ጎሚኒ አዲስ አስደርጉ፣ ብሎኑንም በጉልበት አታስጠብቁት፤ አልሙኒየም ስለሆነ ይሰነጠቃል። የቫልቭ ክዳኑ ፕላስቲክ ይሁን። የሚያብረቀርቀው የነሐስ ክዳን ከአልሙኒየሙ ጋር በዝገት ይጣበቅና አንድ ቀን ንፋስ ልሙላ ስትሉ ቫልቩን ሰብሮ ይወጣል።

የፊቱን ወደ ኋላ ካዞራችሁ

የፊት ጎማ ወደ ኋላ የቀየረ ሰው ዳሽቦርዱ የተሳሳተ ጎማ ሊጠቁመው ይችላል፤ ቦታውን ራሱ የማይለይ መኪና «የፊት ግራ አንሷል» ሲል የኋላውን ማለቱ ሊሆን ይችላል። በብዙ የጂኤምና የፎርድ መኪኖች ዳግም ምዝገባው በተራ ነው፦ ፊት ከሹፌሩ በኩል፣ ፊት ከተሳፋሪው በኩል፣ ኋላ ከተሳፋሪው በኩል፣ ኋላ ከሹፌሩ በኩል። አንዱ ሲመዘገብ ክላክስ ይጮኻል።

ለማሠራት ጊዜ ወይም ገንዘብ ከሌላችሁ መኪናው ይነዳል፤ ብልጭ የሚለው መብራት ብቻውን አያቆማችሁም። ሲስተሙ ግን ታውሯል፣ የሚያስጠነቅቃችሁ የለም። ስለዚህ በየሳምንቱ በጌጅ ለኩ፣ ሰው ጭናችሁ ሐረጎን ወይም የባቲን መንገድ ከመውረዳችሁ በፊት ጠዋት እንደገና ለኩ። በቫልቩ ላይ የሚጠመዘዙ፣ የራሳቸው ትንሽ ማሳያ ያላቸው የውጭ ሴንሰሮችም አሉ፤ ለቪትዝም ይሆናሉ። መንገድ ዳር ለሚያድር መኪና ግን አልመክራቸውም፣ ጠዋት ላታገኟቸው ትችላላችሁ።